በጥምቀት ማለዳ የሚሞላው ቁጥር

ባለፈው ዓመት አንድ ወዳጄ የሚሠራበት መሥሪያ ቤት የደንበኞቹን መዝገብ ከአሮጌ ሶፍትዌር ወደ አዲስ ሲያዛውር ‹‹እስቲ መጥተህ አንድ ነገር እየን›› ብሎ ጠራኝ፡፡ መረጃውን የምታጣራው ወጣት ባለሙያ ገና ወንበር ስቤ ሳልቀመጥ፣

‹‹ጋሼ፣ አንድ ስልክ ቁጥር ለስንት ሰው ነው የሚሰጠው?›› አለችኝ፡፡

‹‹ለአንድ ሰው ነዋ!››

‹‹ይኼኛው ግን ለሦስት ሺህ ምናምን ሰው ተሰጥቷል፡፡››

ወደ ስክሪኑ ጠጋ ብዬ አየሁት፡፡ 2147483647 ይላል፡፡ ከላይ እስከ ታች፣ ገጽ በተገለበጠ ቁጥር ያው ራሱ ነው፡፡ ‹‹ደውዬም ነበር፣ አይሠራም›› ስትለኝ ሳቄ መጣ፡፡ በእርግጥ አሜሪካ ሆና ብታየው ኖሮ የዳላስ ከተማ ስልክ ይመስላት ነበር፤ 214 የዳላስ የስልክ መለያ ነውና፡፡

የሆነው እንዲህ ነው፡፡ አሮጌው ሶፍትዌር ስልክን እንደ ጽሑፍ ሳይሆን እንደ ሙሉ ቁጥር ነበር የሚያስቀምጠው፡፡ 0911 ብሎ የሚጀምር ስልክ ሲገባ ፊት ያለችው ዜሮ ትወድቅና ዘጠኝ አኃዝ ብቻ ይቀራል፤ ይህን ይችለዋል፡፡ አንዳንዱ ጸሐፊ ግን 251ን ጨምሮ አሥራ ሁለት አኃዝ ያስገባል፡፡ ይህ ለተመደበለት ቦታ ይበዛበታል፡፡ አንዳንድ የመረጃ ቋቶች፣ ለምሳሌ ማይኤስኪውኤል በቀድሞ አሠራሩ፣ ከአቅማቸው በላይ የሆነ ቁጥር ሲመጣ እምቢ ከማለት ይልቅ መያዝ የሚችሉትን ትልቁን ቁጥር ይጽፉና ዝም ይላሉ፡፡ ያ ትልቁ ቁጥር 2,147,483,647 ነው፡፡ የሦስት ሺህ ደንበኞች ስልክ በዚሁ ጠፋ፡፡ ከወረቀት ፎርም ላይ እንደገና ከመልቀም በስተቀር መመለሻ አልነበረውም፡፡

ከዚያን ቀን ወዲህ ስለዚህ ቁጥር የሚጠይቁኝ ሰዎች በዝተዋል፡፡ እኔም ሁለት ቢሊዮን ከአንድ መቶ አርባ ሰባት ሚሊዮን ከአራት መቶ ሰማንያ ሦስት ሺህ ከስድስት መቶ አርባ ሰባትን ማስተዋወቅ ደስ ይለኛል፤ ከኮምፒዩተር በፊትም ስም የነበረው ቁጥር ነውና፡፡ (የውጭውን ታሪክ ስተርክ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ፡፡)

በመጀመሪያ ከየት እንደሚመጣ እንይ፡፡ አንድ ሰው በመጀመሪያው ቀን 1 ብር፣ በሁለተኛው 2፣ በሦስተኛው 4፣ እያለ በየቀኑ እጥፍ እያደረገ ገንዘብ ሊሰጥዎት ቃል ገባ እንበል፡፡ በ11ኛው ቀን የሚሰጥዎ 1,024 ብር ነው፡፡ በ21ኛው ቀን ሚሊዮን ያልፋል፡፡ በ31ኛው ቀን ማታ የተቀበሉትን ሁሉ ቢደምሩ፣ ሳይጨምር ሳይቀንስ 2,147,483,647 ብር ያገኛሉ፡፡ ሁለትን ለራሱ 31 ጊዜ አባዝቶ አንድ መቀነስ ማለት ነው፡፡

የእኛ ወር 30 ቀን መሆኑ ታዲያ እዚህ ላይ ይጎዳናል፡፡ በ30ኛው ቀን ቢቆም ድምሩ 1,073,741,823 ይሆናል፡፡ ይህኛው ቁጥር በየትኛውም በኩል ቢይዙት ይሰነጠቃል፤ ለ3፣ ለ7፣ ለ11፣ ለ31 ይካፈላል፡፡ አንድ ቀን ሲጨመርበት ግን የሚገኘው ቁጥር ከ1 እና ከራሱ በስተቀር ለማንም የማይካፈል ይሆናል፡፡ ፕራይም የሚባለው፣ በአማርኛ መማሪያ መጻሕፍት ብቸኛ ቁጥር የሚሉት ነው፡፡ ስሙን እወደዋለሁ፡፡

ለምን እንዲህ ሆነ? ኮምፒዩተር ቁጥርን የሚጽፈው በ1 እና በ0 ብቻ ነው፡፡ በዚህ አጻጻፍ 1,073,741,823 ማለት ሠላሳ ‹1›ዎች ተደርድረው ማለት ነው፤ የእኛው ቁጥር ደግሞ ሠላሳ አንድ ‹1›ዎች፡፡ ሠላሳውን ሁለት ሁለት አድርገው ቢቧድኑት እኩል ይደርሳል፤ ስለዚህ ለ11 (በኮምፒዩተር አጻጻፍ ሦስት ማለት ነው) ይካፈላል፡፡ ሦስት ሦስት ቢያደርጉት ለ111 (ሰባት)፣ አምስት አምስት ቢያደርጉት ለ11111 (ሠላሳ አንድ) ይካፈላል፡፡ በእኛው በተለመደው አጻጻፍም ቢሆን 111111ን ለ111 ቢያካፍሉ 1001 ይደርሳል፤ ነገሩ አንድ ነው፡፡ ሠላሳ አንዱን ግን በምንም ዓይነት እኩል ቡድን ሊከፍሉት አይችሉም፡፡ ሁልጊዜ የሚተርፍ ወይም የሚጎድል ይኖራል፡፡

ከዚህ ተነስቶ ‹‹የ1ዎቹ ብዛት ብቸኛ ቁጥር ከሆነ ቁጥሩም ብቸኛ ነው›› ብሎ መደምደም ያጓጓል፡፡ ብዙ ሰው ተታሎበታል፡፡ አሥራ አንድ ‹1›ዎች 2,047 ናቸው፤ 11 ብቸኛ ቁጥር ሲሆን 2,047 ግን 23 ሲባዛ በ89 ነው፡፡ ስለዚህ 31 ብቸኛ መሆኑ መግቢያ ፈቃድ ነው እንጂ ማስረጃ አይደለም፡፡

ማስረጃው ብዙ ዘመን ፈጅቷል፡፡ ጣሊያናዊው ፒየትሮ ካታልዲ በ1603 ባሳተመው ሥራው 23ን፣ 29ን፣ 31ንና 37ን ጠቅሶ ሁሉም ብቸኛ ቁጥር ይሰጣሉ አለ፡፡ ከአራቱ ትክክል የሆነው 31 ብቻ ነው፡፡ በ1644 ደግሞ ፈረንሳዊው መነኩሴ ማሪን ሜርሴን የራሱን ዝርዝር አወጣ፡፡ እስከ 257 ድረስ ካሉት ውስጥ የሚሠሩት እነዚህ ናቸው ብሎ 31ን፣ 67ን፣ 127ንና 257ን ጨምሮ አሥራ አንድ ቁጥሮች ዘረዘረ፡፡ በኋላ ሲጣራ 67ና 257 አይሠሩም፤ 61፣ 89 እና 107 ደግሞ ሊገቡ ሲገባ ተዘለዋል፡፡ እንዲያም ሆኖ የዚህ ዓይነት ቁጥሮች እስከ ዛሬ የሚጠሩት በመነኩሴው ስም ነው፡፡ በስህተት ዝርዝር ስምን ማስጠራት ዕድል ይጠይቃል መቼም፡፡

የ67ቱ ነገር ሳላነሳው ማለፍ አልቻልኩም፡፡ ሁለትን 67 ጊዜ አባዝቶ አንድ ሲቀነስ የሚገኘው 147,573,952,589,676,412,927 ነው፡፡ ብቸኛ አለመሆኑን ፈረንሳዊው ኤድዋርድ ሉካስ በ1876 አረጋግጦ ነበር፤ ለምን ለምን እንደሚካፈል ግን ማንም አያውቅም፡፡ በ1903 አሜሪካዊው ፍራንክ ኔልሰን ኮል በኒው ዮርክ በተካሄደ የሒሳብ ሊቃውንት ስብሰባ ላይ ወደ ሰሌዳው ሄደ፡፡ አንድም ቃል ሳይተነፍስ በአንድ በኩል የሁለትን ርቢ አስልቶ አንድ ቀነሰ፤ በሌላው በኩል 193,707,721ን በ761,838,257,287 በእጁ አባዛ፤ ሁለቱ መልሶች ገጠሙ፤ ጠመኔውን አስቀምጦ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ፡፡ አዳራሹ አጨበጨበለት ይባላል፡፡ ታሪኩን ያቆዩልን ሰዎች ኮል ሥራውን ለመጨረስ ሦስት ዓመት እሑድ እሑድ እንደፈጀበት መናገሩን ይጨምራሉ፡፡

ወደ 31 እንመለስ፡፡ ጉዳዩን የዘጋው ሌዎንሃርድ ኦይለር ነው፡፡ በ1772 ለበርኑሊ በጻፈው ደብዳቤ ላይ 2,147,483,647 ብቸኛ ቁጥር መሆኑን ማረጋገጡን ገለጸ፡፡ ሰውየው በዚያን ጊዜ በስድሳዎቹ አጋማሽ ላይ ነው፤ ሴንት ፒተርስበርግ ተቀምጦ ዓይኑ ማየት አቁሟል ለማለት ይቻላል፡፡ በአእምሮው እያሰላ፣ ሌሎች እየጻፉለት ነው የሚሠራው፡፡

ሥራው ምን ያህል ከባድ እንደነበር ለመረዳት አንድ ነገር ልብ ይበሉ፡፡ አንድ ቁጥር ከተከፋፈለ፣ ከአካፋዮቹ ቢያንስ አንዱ ከቁጥሩ ዳግም ዘር አይበልጥም፡፡ የእኛ ቁጥር ዳግም ዘር 46,340 ከምናምን ነው፡፡ ስለዚህ እስከ 46,340 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች አንድ በአንድ እያካፈሉ መሞከር ይበቃል፡፡ ይበቃል ስል 4,800 ገደማ ማካፈል ማለቴ ነው፤ እያንዳንዱ የአሥር አኃዝ ማካፈል፣ ያለ ካልኩሌተር፣ ያለ ዓይን፡፡

ኦይለር ግን አቋራጭ ነበረው፡፡ ቀደም ሲል ያየነውን 2,047 ይውሰዱ፡፡ የ1ዎቹ ብዛት 11 ነው፤ አካፋዮቹ 23 እና 89 ናቸው፡፡ ከሁለቱም አንድ አንድ ይቀንሱ፤ 22 እና 88 ይሆናሉ፤ ሁለቱም የ22፣ ማለትም የ11 እጥፍ ብዜት ናቸው፡፡ ይህ አጋጣሚ አይደለም፤ ሁልጊዜ እንዲህ ነው፡፡ የእኛ ቁጥር አካፋይ ካለው አንድ ሲቀነስለት የግድ የ62 ብዜት መሆን አለበት፡፡ ሌላም ሁለተኛ ማጥለያ አለ፡፡ አካፋዩ ለ8 ሲካፈል ቀሪው ወይ 1 ወይ 7 መሆን ይገባዋል (23 እና 89ን ራስዎ ይሞክሯቸው)፡፡ ሁለቱ ማጥለያዎች ሲደራረቡ የሚያልፈው ቁጥር ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 የሆነ ብቻ ነው፡፡

በዚህ ወንፊት እስከ 46,340 ድረስ የሚያልፉት ቁጥሮች አራት መቶ እንኳን አይሞሉም፤ ከእነሱም ብዙዎቹ ራሳቸው ብቸኛ ስላልሆኑ ይጣላሉ፡፡ ከ1 እስከ 1,300 ባለው ውስጥ መሞከር ያለበት 311 ብቻ ነው፡፡ 2,147,483,647 ለ311 ሲካፈል 35 ይተርፋል፡፡ ቀጥሎ የሚመጣው 1,303 ነው፡፡ እንዲህ እያለ እስከ መጨረሻው ተሞከረ፤ አንዱም እኩል አልደረሰም፡፡ ከዚያ በኋላ ከ70 ዓመት በላይ ከዚህ የሚበልጥ የተረጋገጠ ብቸኛ ቁጥር በዓለም ላይ አልነበረም፡፡

(ሌላም መንገድ አለ፤ ከሉካስ ጀምሮ በኋላ አሜሪካዊው ዴሪክ ሌመር ያሻሻለው፡፡ ከ4 ይነሱ፤ በራሱ ያባዙና 2 ይቀንሱ፤ ውጤቱን ለሚመረምሩት ቁጥር አካፍለው ቀሪውን ብቻ ይያዙ፤ ይህንኑ ይደጋግሙ፡፡ ለ31 ለራሱ፣ ማለትም ለአምስት ‹1›ዎች ቢሞክሩት 4፣ ከዚያ 14፣ ከዚያ 194 ይመጣል፡፡ 194 ለ31 ሲካፈል ቀሪው 8 ነው፤ 8 በ8 ሲቀነስ 2፣ 62፤ ይህ ለ31 እኩል ይካፈላል፡፡ ሦስት እርምጃ ሄዶ ዜሮ ከመጣ ብቸኛ ነው፡፡ ለእኛ ቁጥር 29 እርምጃ ይፈጃል፡፡ በጥቅምት 2024 ይፋ የሆነው 41,024,320 አኃዝ ያለው ብቸኛ ቁጥር ሳይቀር የዚሁ የሜርሴን ቤተሰብ ነው፤ የ1ዎቹ ብዛት 136,279,841 ነው፡፡)

የጥንት ሊቃውንት በእነዚህ ቁጥሮች የተጠመዱት ስለ ብቸኝነታቸው ብቻ አልነበረም፡፡ 6ን የሚያካፍሉት 1፣ 2 እና 3 ሲደመሩ ራሱን 6ን ይሰጣሉ፡፡ 28ም እንዲሁ ነው፤ 1፣ 2፣ 4፣ 7፣ 14፡፡ እነዚህን ፍጹም ቁጥሮች አሏቸው፡፡ ዩክሊድ እንዳሳየው እያንዳንዱ የሜርሴን ብቸኛ ቁጥር አንድ ፍጹም ቁጥር ይወልዳል፤ 3 ስድስትን፣ 7 ሃያ ስምንትን፣ 31 ደግሞ 496ን፡፡ የእኛው ቁጥር የወለደው 2,305,843,008,139,952,128 ነው፡፡ እንግሊዛዊው ፒተር ባርሎው በ1811 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ይህን ፍጹም ቁጥር ጠቅሶ ከዚህ የሚበልጥ መቼም አይገኝም አለ፡፡ ምክንያቱ የሚገርም ነው፤ አይቻልም አላለም፡፡ እነዚህ ነገሮች ለማወቅ ያህል ካልሆነ በስተቀር አይጠቅሙምና ማንም ሰው ጊዜውን አያባክንም ነው ያለው፡፡

ይህን ሳነብ ባርሎው ቀና ብሎ የእኛን ዘመን ቢያይ እላለሁ፡፡ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኮምፒዩተሮች ዕጣ የመሰለ ነገር ሲፈልጉ፣ ለጨዋታም ሆነ ለምርምር ናሙና፣ በሰፊው የሚጠቀሙበት አንድ ቀላል ዘዴ አለ፡፡ ከ1 ይነሱ፤ በ16,807 ያባዙ፤ ውጤቱን ለ2,147,483,647 አካፍለው ቀሪውን ይያዙ፤ ያንን ደግሞ በ16,807 ያባዙ፤ እንዲህ ይቀጥሉ፡፡ የሚመጡት ቁጥሮች 16807፣ 282475249፣ 1622650073 እያሉ ይዘላሉ፤ ሥርዓት ያላቸው አይመስሉም፡፡ የሚደንቀው ግን ከ1 እስከ 2,147,483,646 ያሉትን ሁሉ አንድም ሳይደግሙ፣ አንድም ሳይዘሉ ጎብኝተው ነው ተመልሰው 1 ላይ የሚያርፉት፡፡ ይህ ሊሆን የቻለው ቁጥሩ ብቸኛ በመሆኑ ነው፡፡ የተከፋፈለ ቁጥር ቢሆን ኖሮ እንዲህ ያለ ሙሉ ዙር በጭራሽ አይገኝም ነበር፡፡ ለምስጢር ቃልና ለባንክ ቁልፍ ግን ዘዴውን አልመክርም፤ አንዱን ቁጥር ያየ ሰው ቀጣዮቹን ሁሉ ያሰላቸዋል፡፡

እንግዲህ ወደ ስክሪኑ ጣሪያ እንምጣ፡፡ ኮምፒዩተር ለአንድ ሙሉ ቁጥር ብዙውን ጊዜ 32 ቦታ (ቢት ይሉታል) ይመድባል፡፡ ከ32ቱ አንዱ ቁጥሩ ከዜሮ በላይ ወይም በታች መሆኑን ያሳያል፡፡ ለቁጥሩ ራሱ የሚቀሩት 31 ናቸው፡፡ 31ዱም በ‹1› ሲሞሉ ሌላ ቦታ የለም፤ ሠላሳ አንድ ‹1›ዎች ማለት ደግሞ የኦይለር ቁጥር ነው፡፡ 32 የተመረጠው ለብቸኛ ቁጥር ተብሎ አይደለም፤ 8፣ 16፣ 32 እያለ ለማሽኑ ስለተመቸ ነው፡፡ እንዲሁ ተገጣጠመ፡፡ ባለ 16 ቦታው ጣሪያ 32,767 ለምሳሌ ለ7 ይካፈላል፡፡

ጣሪያው ሲያልፍ ምን ይሆናል? የአሮጌ ፊያት ኪሎ ሜትር ቆጣሪ 99999 ከሞላ በኋላ ወደ ዜሮ እንደሚዞረው ኮምፒዩተሩም ይዞራል፤ ግን ወደ ዜሮ አይደለም፡፡ አንድ ሲጨመርበት ያቺ የምልክት ቦታ በ‹1› ትሞላና ቁጥሩ ከዜሮ በታች ሁለት ቢሊዮን ይሆናል፤ -2,147,483,648፡፡ ሀብታሙ ሰውዬ በአንድ ሳንቲም ባለዕዳ ሆነ እንደማለት ነው፡፡

ይህ ዓይነቱ ነገር ቀልድ ብቻ አይደለም፡፡ ሰኔ 4 ቀን 1996 አሪያን 5 የተባለችው የአውሮፓ ሮኬት ከተነሳች 37 ሰከንድ ያህል ቆይታ የተበታተነችው፣ አንድ ትልቅ ቁጥር 32,767 ብቻ ሊይዝ በሚችል ባለ 16 ቦታ ሳጥን ውስጥ እንዲገባ ስለተገደደ ነው፡፡ በዲሴምበር 2014 ዩቲዩብ ‹‹ጋንግናም ስታይል›› የተሰኘው የኮሪያ ዘፈን ዕይታ 2,147,483,647ን እንደሚያልፍ ገልጾ ቆጣሪውን ወደ 64 ቦታ ማሳደጉን አስታወቀ፡፡

ለእኛ የሚቀርበው ግን የድሪምላይነር ነገር ነው፡፡ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆኖ ቦይንግ 787 የተረከበው በነሐሴ 2012 ነው፡፡ በ2015 የአሜሪካ የአቪዬሽን ባለሥልጣን የዚህ ዓይነት አውሮፕላን ባለቤቶች ሁሉ ሊጠነቀቁበት የሚገባ መመሪያ አወጣ፡፡ የአውሮፕላኑን ኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚቆጣጠሩት መሣሪያዎች 248 ቀን ሙሉ ሳይጠፉ ከቆዩ ሁሉም በአንድ ጊዜ ኃይል ሊያቋርጡ ይችላሉ የሚል ነበር፡፡ ችግሩ የተገኘው በላብራቶሪ ሙከራ እንጂ በበረራ ላይ አይደለም፤ መፍትሔውም በየጊዜው አጥፍቶ ማብራትና በኋላ ሶፍትዌሩን መቀየር ነበር፡፡ ለምን 248? መመሪያው የቆጣሪ መሙላት መሆኑን ጠቅሷል፤ የቀኑን ሒሳብ ማንም ሰው ሊሠራው ይችላል፡፡ ጊዜን በሰከንድ መቶኛ የሚቆጥር ባለ 32 ቦታ ቆጣሪ 2,147,483,647 ላይ የሚደርሰው በ248 ቀን ከግማሽ ነው፡፡ ልብ ካሉ 248 የኦይለር ወንፊት ቁጥርም ነበረች፡፡ ይኼ ፍጹም አጋጣሚ ነው፤ ግን ሳየው ፈገግ ማለቴ አልቀረም፡፡

አሁን ትልቁን ልንገርዎ፡፡

ዩኒክስ የተባለው የኮምፒዩተር ሥርዓትና ከእሱ የተወለዱት ሁሉ፣ የባንክ ሰርቨሩም የእጅ ስልኩም፣ ቀንን የሚያውቁት ሰከንድ በመቁጠር ነው፡፡ ቆጠራው የሚነሳው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት፣ በግሪኒች ሰዓት ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ከሌሊቱ 9 ሰዓት፡፡ ሥርዓቱ ሲፈጠር ለዚህ ቆጠራ የተመደበው 32 ቦታ ነበር፡፡ ስለዚህ 2,147,483,647ኛው ሰከንድ ላይ ይሞላል፡፡ ይህም 24,855 ቀን ከ3 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው፡፡ በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ይውላል፡፡

ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው ሁለት ጊዜ ነው ደግሜ ያሰላሁት፡፡ ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ፡፡ ጥምቀት ነው!

ታቦታቱ ከተራ አድረው፣ ጃንሜዳም ሆነ ጎንደር ፋሲለደስ ሕዝቡ ነጠላውን አጣፍቶ ባሕረ ጥምቀቱን ከብቦ ባለበት ማለዳ፣ የትም ያለ ያልታደሰ ባለ 32 ቦታ ሰዓት በሚቀጥለው ሰከንድ ወደ ኋላ ይዘላል፡፡ የሚያርፈው ዲሴምበር 13 ቀን 1901 ላይ ነው፤ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1894 ዓ.ም.፣ በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ከ52 ሰከንድ፡፡ አፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ናቸው፤ ምድር ባቡሩ ገና በመንገድ ላይ ነው፤ ድሬዳዋ አልተቆረቆረችም፡፡ ለዚያ ማሽን ዕለቱ እሱ ይሆናል፡፡

ይህን ለአንድ ባንክ ባለሙያ ስነግረው ‹‹ኧረ ተወን ወንድሜ፣ ሁለት ሺህም ሲገባ እንዲሁ ብላችሁ አስፈራርታችሁን ነበር›› አለኝ፡፡ እውነቱን ነው፤ እኛ እንደውም ሁለት ሺህን ሁለት ጊዜ ነው የተቀበልነው፡፡ ነገር ግን የያኔው ያለ ብዙ ጉዳት ያለፈው ሰዎች ዓመታት ደክመው ስላስተካከሉት ነው፡፡ የአሁኑም ብዙው ተስተካክሏል፡፡ ዛሬ የሚሸጡት ኮምፒዩተሮችና ስማርት ስልኮች ጊዜን በ64 ቦታ ነው የሚይዙት፡፡ ሊኑክስ ለአሮጌዎቹ ባለ 32 ቦታ ማሽኖች ሳይቀር ከ2020 ጀምሮ መፍትሔ ሰጥቷል፡፡

የሚያሳስበኝ ስልኩና ላፕቶፑ አይደለም፤ እነሱን እስከዚያ ድረስ ሦስት ጊዜ እንቀይራቸዋለን፡፡ የሚያሳስበኝ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ የሚረሳው ነው፤ የመግቢያ በር መቆጣጠሪያው፣ የሊፍቱ ሰሌዳ፣ የፋብሪካው ማሽን፣ አንዴ ተተክሎ ሃያ ዓመት የሚያገለግል ቆጣሪ፡፡ እነዚህ ውስጥ ያለውን ሶፍትዌር ማን እንደጻፈው እንኳን ብዙ ጊዜ አይታወቅም፡፡

ሁለተኛው ችግሩ 2030ን የማይጠብቅ መሆኑ ነው፡፡ ወደፊት የሚያሰላ ሶፍትዌር ጣሪያውን የሚመታው ዛሬ ነው፡፡ ከጥር 2010 ዓ.ም. በኋላ የተፈረመ የሃያ ዓመት የቤት ብድር የመጨረሻ ክፍያው ከዚያ ጥምቀት በኋላ ይውላል፡፡ የጡረታ መውጫ ዘመን፣ የረጅም ጊዜ ኪራይ፣ የኢንሹራንስ ውል፣ ሁሉም እንደዚሁ፡፡ እዚያ መሥሪያ ቤት ስልኮቹን ከለቀምን በኋላ ከልጅቷ ጋር የቀን ዓምዶቹንም አየናቸው፡፡ የውል ማብቂያ ቀን የተቀመጠው ማይኤስኪውኤል ታይምስታምፕ በሚለው ዓይነት ነው፡፡ የዚህ ዓምድ ጣሪያ በራሱ መመሪያ ላይ የተጻፈ ነው፤ ያቺው ቅጽበት ናት፡፡ ዓምዱን ወደ ሌላ ዓይነት መለወጥ የአንድ ከሰዓት ሥራ ሆነ፡፡ ሳይታይ ቆይቶ ቢሆን ኖሮ ግን ‹‹ውሉ መቼ ያበቃል?›› የሚለው ጥያቄ መልስ አይኖረውም ነበር፡፡

መሥሪያ ቤትዎ አዲስ ሶፍትዌር ሲገዛ አንድ ጥያቄ ያስገቡ፤ ‹‹ቀንን በስንት ቢት ነው የምትይዙት?›› ይበሉ፡፡ ሻጩ ‹‹በስልሳ አራት›› ብሎ ወዲያው ከመለሰ ጥሩ ነው፡፡ ‹‹እጠይቃለሁ›› ካለ በጽሑፍ እንዲመልስ ያድርጉ፡፡ ወይም ደግሞ የሙከራ ማሽን ላይ ሰዓቱን ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ማለዳ ላይ አድርገው አሥር ደቂቃ ይጠብቁ፡፡ እውነተኛው ሥራ የሚሠራበት ማሽን ላይ ግን አደራ እንዳይሞክሩት፡፡ ዕለቱ በዓል ስለሆነ የኮምፒዩተር ክፍል ሠራተኞች ቢሮ እንደማይኖሩ ካሁኑ ማስታወሻ ላይ ቢያዝም አይከፋም፡፡

ሒሳብ ወዳዶች የምትጠይቁኝን አውቃለሁ፡፡ 5 ‹1›ዎች 31ን ሰጡ፣ 31 ‹1›ዎች ደግሞ የእኛን ቁጥር ሰጡ፤ ታዲያ 2,147,483,647 ‹1›ዎች ቢደረደሩስ ብቸኛ ቁጥር ይወጣል? ቁጥሩ ከ646 ሚሊዮን በላይ አኃዝ አለው፤ በጋዜጣ አይታተምም፡፡ ሰንሰለቱ ግን እዚህ ላይ ይበጠሳል፤ ያ ግዙፍ ቁጥር ለ295,257,526,626,031 እኩል ይካፈላል፡፡ የኦይለር ሕግ እዚህም ይሠራል፤ ከዚህ አካፋይ አንድ ሲቀነስ የሚቀረው የ2,147,483,647 ብዜት ነው፤ 137,490 ጊዜ፡፡

የባለ 64 ቦታው አዲሱ ጣሪያ ደግሞ 9,223,372,036,854,775,807 ነው፤ በሰከንድ ሲቆጠር 292 ቢሊዮን ዓመት ይወስዳል፡፡ እሱ ብቸኛ ቁጥር አይደለም፡፡ ሥልሳ ሦስት ‹1›ዎች ናቸው፤ ሦስት ሦስት አድርገው ቢቧድኗቸው እኩል ይደርሳሉ፤ ለ7 ይካፈላል፡፡